ጎመኔን ከወፍ የማስጥልበት መላ

ጅማ ላይ ዝናብ ሞልቷል፤ ጎመን የሚፈልገው ጠባቂ ነው። ጅረን ያለው ጓሯችን የሚወርዱት ወፎች ቡናማ፣ ጉትዬ ያላቸውና ጭራቸው የረዘመ ናቸው። በመንጋ መጥተው ለጋውን ቅጠል ከጠርዙ እየቀነጠቡ መሃለኛውን ዘንግ ብቻ ያስቀሩታል። ያንን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

አሮጌ ሲዲ ማንጠልጠል ለጊዜው ያባርራቸዋል፣ ግን ቶሎ ይለምዱታል። እኔ የማምነው መረብ ነው። በቀርከሃ ቅስት ላይ ወጠር አድርጌ እዘረጋና ጠርዙን በአፈር እቀብረዋለሁ። ከላላ ወፏ ተጠላልፋ ትሞታለች፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።

ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲይዘው ወደ ማታ በሳሙና ውሃ የቅጠሉን ጀርባ እረጫለሁ። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካየሁ ግን እተወዋለሁ፤ ክሽክሹን እሷ ትበላዋለች።

ለጦጣ መረቡም አይበቃም። ለእሱ ውሻና ነቃ ያለ ሰው ያስፈልጋል።