ከጥፍሬ እስከ አንጓዬ

የጥፍር ቀለም ውሃ ላይ አንጠባጥቦ፣ በስቴኪኒ አበባ ስሎበትና ጣትን ነክሮ በማውጣት ብቻ ጥፍርን እንደ እብነ በረድ ማዥጎርጎር እንደሚቻል ከአንድ የስልክ ቪዲዮ ከተማርኩ በኋላ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ለባለሙያ ስከፍል የኖርኩትን ገንዘብ ሁሉ በቁጭት አሰላሁ። በቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ጣቷን ነከረች፣ አወጣች፣ ፈገግ አለች፤ በቃ። እኔም በማግስቱ ጠዋት የሥራ ስብሰባ እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አራት የጥፍር ቀለም፣ ስቴኪኒና ጥጥ ደርድሬ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጠረጴዛው ፊት ተሰየምኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ውሃው ላይ ነበር። ውሃ ያው ውሃ ነው ብዬ ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን ቀዳሁና ነጩን ቀለም ከስንዝር ከፍታ ጠብ አደረግሁበት፤ ጠብታውም ግራ ቀኝ ሳይል ቀጥ ብሎ ወረደና እንደ ወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ብርጭቆው ሥር ቁጭ አለ። ስድስተኛው ጠብታ ወንድሞቹን ከተቀላቀለ በኋላ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ለካ ውሃው የክፍሉን ሙቀት የያዘ፣ ማለትም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛው ቀለሙን ሳይሰፋ ያጠጥረዋል፣ ከላይ የሚወረወር ጠብታ ደግሞ የውሃውን ገጽ በስቶ ያልፋል። ቀዩ ቀለሜ ግን ይህ ሁሉ ከተሟላለት በኋላም አሻፈረኝ አለ። ከተከፈተ ዓመት አልፎት ማሟሟቻው ተንኖ ስላለቀበት እንደ ማር ወፍሯልና በጡረታ አሰናበትኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልክድም፤ ውብ ነበር። ነጩ ጠብታ ውሃውን ሲነካ በዐይን ቅጽበት እስከ ብርጭቆው ዳር ተዘረጋ፤ ሰማያዊው መካከሉ ላይ ሲያርፍ ነጩን ገፍቶ ቀለበት አደረገው፤ ሐምራዊው ደግሞ ሰማያዊውን ገፋው። በስቴኪኒው ጫፍ ከመካከል ወደ ውጭ ስስብ ቅጠሎች ወጡ፣ ከውጭ ወደ መካከል ስመልሰው አበባ ሆነ። ቱርኮች ኤብሩ፣ ጃፓኖች ሱሚናጋሺ የሚሉት፣ በፈሳሽ ላይ የተንሳፈፈ ቀለምን በወረቀት የማንሳት ጥንታዊ ጥበብ አለ፤ እኔም በዚያች ደቂቃ ራሴን ከጥበቡ ሊቃውንት ተርታ አስቀመጥኩ። የእነርሱ ወረቀት ጠፍጣፋ፣ የእኔ ጣት ግን ድቡልቡል መሆኑን የሚያስታውሰኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

አበባውን ፎቶ ላንሳው ብዬ ስልኬን ፈለግሁ። ሽታው ስለከበደኝ መስኮቱንም ከፈትኩ። በጥፍር ቀለም ውስጥ ያለው ናይትሮሴሉሎስ ማሟሟቻው እንደተነነ ወዲያውኑ ስስ ሽፋን እንደሚሠራ፣ ነፋስ ደግሞ ነገሩን እንደሚያፋጥነው ያወቅሁት ፎቶዬን አንስቼ ጣቴን ስነክር ነው። አበባው ጥፍሬ ላይ አላረፈም፤ እንደ ፌስታል ተጨማደደና ጣቴን ጠቀለለው።

አዲስ ውሃ፣ አዲስ አበባ፣ አዲስ ተስፋ። በዚህ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ አራቱን ጣቶቼን በአንድነት ነከርኩ። በጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቀድሞ በቫዝሊን መቀባት ወይም በፕላስተር መሸፈን እንደሚያስፈልግ ሰምቼ ነበር፤ ያ ግን እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሰጠ ምክር መስሎኝ ናቅሁት። ይባስ ብሎም፣ ጣት ገና ውሃ ውስጥ ሳለ በላዩ የቀረውን ቀለም በስቴኪኒ ወይም በጥጥ ጠራርጎ ገጹን ማጥራት እንደሚገባ ዘነጋሁ። ስለዚህ ስገባ ያልነካኝ ቀለም ስወጣ ጠብቆ ያዘኝ። ብርጭቆው ጠባብ ስለነበር ለማላቀቅ ስታገል እጄ አንጓዬ ድረስ የዓለም ካርታ ሆነ፤ ውቅያኖሱ ሰማያዊ፣ አህጉራቱ ሐምራዊ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ከቪዲዮው ለመጠየቅ ስልኬን በጣት አሻራዬ ልከፍት ብሞክር ባለቤቱን ካደኝ። ሌላ ጣት ሰጠሁት፤ እሱንም አላውቀውም አለ። ብዙ ሳልቆይ 30 ሰከንድ ጠብቂ ተብዬ፣ ከገዛ ስልኬ ፊት እንደ ሌባ ቆምኩ።

ታናሽ ወንድሜ የደረሰው በዚህ መካከል ነው።

«ግድግዳ እየቀባሽ ነው እንዴ?»

«ጥበብ ነው፤ አንተ አይገባህም።»

«ይሄማ ሕፃንም ይሠራዋል» አለና፣ እንዳልከለክለው እጄ ታስሮ ሳለ ሁለት ጠብታ ጣል፣ አንድ ጊዜ በስቴኪኒው ሳብ አድርጎ አውራ ጣቱን ነከረ። እኔ ስጮኽበት ደንግጦ ቆሞ ስለቆየ፣ የቀረውን ቀለም በጥጥ ጠረግሁለትና አወጣው። ፍጹም ነበር! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጥፍር አላየሁም። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ግማሹ በእጄ ካርታ ላይ አለቀ፤ ቀሪውን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ እሱም የጠረጴዛውን ቫርኒሽ ከጥፍር ቀለም ሳይለይ አሟሟው። እማዬ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ግን ብርጭቆውን ነው።

«ያ የእኔ ብርጭቆ ነው?»

«ታጥቦ ይለቃል፣ እማዬ።»

አልለቀቀም። በውሃ እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነውና።

በማግስቱ እኔ ባዶ ጥፍሬንና እየታሸ የቀላ እጄን ይዤ ወደ ስብሰባዬ ሄድኩ። ወንድሜ ግን የሒሳብ መምህር ነው፤ አሴቶን አልቋል፣ ጠመኔ ደግሞ ያለ አውራ ጣት አይያዝም። ማታ ሲመለስ ቦርሳውን አስቀምጦ ሳይናገር ብዙ ቆየ።

«ምን አሉህ?» አልኩት ፊቴን አዙሬ።

«አንዷ እጇን አወጣች» አለ። «ስለ እኩልዮሹ ልትጠይቅ መስሎኝ ተናገሪ አልኳት። ‹ጋሼ፣ ዘጠኙን መቼ ነው የሚያሠሩት?› አለችኝ።»