ማን ማንን ይሸከማል?

ጣዖትን ከሕያው አምላክ ለመለየት ኢሳይያስ በምዕራፍ 46 የሰጠን መለኪያ አንድ ነው። የባቢሎን ጣዖታት ቤልና ናባው በእንስሳት ጀርባ ተጭነዋል፤ ለደከመው ከብት ሸክም ሆነዋል። እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን «እስከ ሽበት ድረስ እሸከማችኋለሁ» ይላል። አምላኪው የሚሸከመው ጣዖት ነው፤ አምላኪውን የሚሸከመው ሕያው ነው።

ነቢዩ አሠራሩንም አይዘልም። በምዕራፍ 40 ሠሪው አስቀድሞ የማይነቅዝ እንጨት ይመርጣል። በምዕራፍ 44 ገመድ ይዘረጋል፣ ያሰምራል፣ ይልጋል፣ በመለኪያ ይለካዋል፣ የሰው መልክ ያወጣለታል። ከዚያው ግንድ ግማሹን አንድዶ ይሞቃል፣ እንጀራ ይጋግርበታል፣ ሥጋ ይጠብስበታል፤ በተረፈው ፊት ወድቆ «አድነኝ» ይላል። ኤርምያስ በምዕራፍ 10 የመጨረሻውን ሥራ ይጨምራል፤ እንዳይናወጥ በምስማር ይቸነክሩታል። ባሕር ዳር ውስጥ ከዋንዛ በርና አልጋ የሚሠራ አናጺ እያንዳንዱን እርምጃ ያውቀዋል፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ከተሠራ እንደሚጣመምና እንደሚሰነጠቅም ያውቃል። አንዱን ቁራጭ ለምድጃ፣ አንዱን ለአምልኮ የለየው የሠሪው ምርጫ ብቻ ነው፤ ግንዱ አንድ ነው።

ተረፈ ዳንኤል በተባለው መጽሐፍ ያለው የቤል ታሪክ ደግሞ ምርመራ ነው። ለቤል በየቀኑ 12 መስፈሪያ ዱቄትና 40 በግ ከወይን ጠጅ ጋር ይቀርብለት ነበር። ንጉሡም ዳንኤልን «ይህን ሁሉ እየበላ እንዴት ሕያው አይደለም ትለኛለህ?» አለ። ዳንኤል በቃል ብቻ አልተከራከረም። ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ንጉሡ እያየ ወለሉ ላይ አመድ አስነሰነሰ፤ በሩ ተዘጋ፣ በንጉሡ ቀለበት ታተመ። ጠዋት ማኅተሙ አልተነካም፣ ማዕዱ ግን አልቋል። አመዱ ላይ የወንድ፣ የሴትና የሕፃን ኮቴ ታየ። 70ው ካህናት ከነቤተሰባቸው በስውር በር እየገቡ ይበሉ ኖሯል። ለጣዖቱ የተቆረጠው ቀለብ የሚገባው በሌሎች አፍ ነበር። እግዚአብሔር ግን በመዝሙረ ዳዊት 49 (በሌላው አቆጣጠር 50) ብራብ እንኳ ለአንተ አልነግርህም፣ ዓለሙ ሁሉ የእኔ ነው ይላል።

አሁን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የገዳማት አገር ወደ ዘጌ እንምጣ፤ ከባዱ ጥያቄ እዚያ ነው። ተረፈ ኤርምያስ ጣዖታትን ሲነቅፍ ዝገትና ብል ይበላቸዋል፣ ሌሊት ወፍ በራሳቸው ላይ ያርፋል፣ የሚበራላቸውን መብራት አያዩም ይላል። በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥም ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፣ ማጣበቂያው ይለቅቃል፣ ጨርቁ ይነፋል፣ ቀለሙ ይላላጣል። ሌሊት ወፍም ጣራ ሥር አይጠፋም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዳንዶች ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ ያዩታል፤ እኔ ግን በግልጽ መመለስ አለበት እላለሁ።

ሥዕሉ ሲበላሽ አምላክ ተጎዳ የሚል ምእመን የለም። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደትን ለእግዚአብሔር ብቻ ትሰጣለች፤ ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው የሚሰጠው የአክብሮት ስግደት ነው፤ ክብሩም ወደ ተሣለው ባለቤት ያልፋል። ነገሩ የሚበላሸው ይህ የአምልኮና የአክብሮት ድንበር ሲፈርስ ነው። በጣና ጀልባም ሆነ በቤት ሥዕል ሰቅሎ ጸሎቱን የተወ፣ ወረቀቱ ይጠብቀኛል ያለ ሰው ድንበሩን ተሻግሯል፤ ሥዕሉ ያው ቢሆንም እርሱ የያዘበት መንገድ ተለውጧል።

ለዚህ ከናሱ እባብ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በዘኍልቍ 21 ሙሴ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ በእባብ የተነደፈ ሁሉ አይቶት ይድን ነበር። ሕዝቡ እስከ ይሁዳ ንጉሥ እስከ ሕዝቅያስ ዘመን አቆዩት፣ ያጥኑለትም ጀመር። በ2ኛ ነገሥት 18፥4 እንደምናነበው ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ በትእዛዝ የተሠራ መሆኑ አላተረፈውም።