ዲስኩ ሲዋሽ ድራይቨሩ ምን ያደርጋል? (የከርነል ንባቤ የደረሰበት)

ሰላም ጓዶች። ሰሞኑን የራሴን ድራይቨር (ሲስተሙ አንድን ዕቃ የሚያዝበት ፕሮግራም) መጻፉን ለጊዜው አቁሜ የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) የዩኤስቢ ስቶሬጅ ኮድ ማንበብ ይዣለሁ። ወደዚህ የገፋኝ በርካሽ የገዛሁት፣ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ የሃርድ ዲስክ ኬዝ ነው። ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ትንሽ ይሮጥና ቀጥ ይላል፣ የከርነሉ ሎግ ደግሞ በሪሴት (ዕቃውን እንደገና የማስነሳት) መልእክት ይሞላል።

ነገሩ ዩኤኤስ (UAS) ከሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ዲስክን በዩኤስቢ ከሚያናግርበት ፕሮቶኮል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በድሮው አሠራር ዲስኩ አንዱን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም። በዩኤኤስ ግን ብዙ ትእዛዝ አንድ ላይ መደርደር ይቻላል፣ ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል። የኔ ኬዝ ቺፕ “እችላለሁ” ይላል፣ ሥራ ሲበዛበት ግን ይደነዝዛል። መፍትሔው ለዩኤስቢ ስቶሬጅ ሞጁል በኩዊርክ (ለችግረኛ ዕቃ የሚደረግ ልዩ አያያዝ) ፓራሜትር የኬዙን የአምራችና የምርት መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ዩኤኤስን ተወው የምትለዋን አንድ ፊደል መጨመር ነው። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ኮፒው ግን አለቀ። ይበቃኛል።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከርነሉ የዲስኩን መጠን ሲጠይቅ የሚፈልገው መልስ የመጨረሻውን ሴክተር (ዲስኩ የሚከፈልበት ትንሽ ቁራጭ) አድራሻ ነው። ቆጠራ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ 1000 ሴክተር ያለው ዕቃ “999” ማለት አለበት፤ ከርነሉ አንድ ጨምሮ 1000 ያደርገዋል። አንዳንዱ ዕቃ ግን ብዛቱን ራሱን፣ 1000 ብሎ ይመልሳል። ከርነሉም 1001 አለ ብሎ የሌለ ሴክተር ሊያነብ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ዕቃ እዚያው ላይ ደርቆ ይቀራል። በኮዱ ውስጥ ኖኪያ፣ ሞቶሮላ፣ ኒኮንና ፔንታክስ ለዚህ ተለይተው ተጠቅሰዋል፣ ስልክና ካሜራ መሆናቸው ነው። ለነሱ የተያዘው ዘዴ ግምት ነው፦ የፍላሽ ሴክተር ብዛት ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር እንጂ ጎዶሎ አይሆንም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ድምሩ ጎዶሎ ከመጣ አንድ ይቀነሳል። አለቀ! መጀመሪያ ሳየው እንዲህ ያለ ግምት ከርነል ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የተሸጠውን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ ማስተካከል አይቻል፣ ሌላ ምን አማራጭ አለ?

(ፎርጅድ ፍላሽ፣ ያ 1 ቴራ የሚል ተለጥፎበት ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰው፣ ከዚህ አይገባም። እሱን ድራይቨር አያድነውም።)

መጨረሻው ሴክተር ላይ የሚሰናከሉ ካርድ ሪደሮችም አሉ። ብዙ ሴክተር በአንዴ ሲጠየቁ ጫፉን ከነኩ ይበላሻሉ፣ ስለዚህ ከርነሉ የመጨረሻዎቹን 8 ሴክተሮች አንድ በአንድ ያነባል።

አሁን የምከራከርበት ነጥብ የጥገናው ስፋት ነው። የችግረኛ ዕቃዎች ሰንጠረዥ ውስጥ ከመለያ ቁጥሩ ጎን የሪቪዥን (የዕቃው እትም ቁጥር) ክልል ይጻፋል፣ ከዚህ እስከዚያ ተብሎ። ብዙዎቹ መስመሮች ከ0000 እስከ 9999 ብለው ሁሉንም ይጠቀልላሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ አምራቹ ቀጣዩን ሪቪዥን ቢያስተካክለውም ደህናው ዕቃ በወንድሙ ጥፋት ተቀጥቶ ቀርፋፋ ሆኖ ይኖራል። በእርግጥ መስመሩን የጻፈው ሰው በእጁ ያለው አንድ ዕቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ዳታ ከሚጠፋ ፍጥነት ቢጠፋ ይሻላል የሚለውም ያስኬዳል።

ቀጥሎ የፒሲአይ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ካርዶች የሚገናኙበት መስመር) ኩዊርኮችን ፋይል ልጀምር ነው፣ ርዝመቱ ያስፈራል። አብሮ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ።