ሰኔ በጅማ፣ እና የተሰረቀው የአየር ሁኔታ

ጅማ የገባሁት በሰኔ ነው። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፣ ሰኮሩን አልፈን ግን ዝናቡ ተቀበለን፣ እስከ ከተማው ድረስም አልለቀቀንም።

በማግስቱ ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። በሩ አካባቢ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ውረድ» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ወረድኩ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ፣ ያውም ከነበረዶው።

እኚህ አባት በነጻ የነገሩኝ ነገር በጦርነት ጊዜ ሰው የሚሞትበት ምስጢር ነው። ጅማ ሆኜ ይሄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በ1933 የእንግሊዝና የአርበኞች ጦር በዚሁ ዝናብ ኦሞን ተሻግሮ ነው ሰኔ 14 ቀን ጅማን ከጣሊያን የተረከበው። ልክ በሳምንቱ፣ ሰኔ 21፣ ከዚህ እጅግ ርቆ በሰሜን ውቅያኖስ ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላውንቡርግ የምትባል ትንሽ የጀርመን መርከብ ማረከ። መርከቧ ሥራዋ አንድ ነው፦ የአየር ሁኔታ እየለኩ በሬዲዮ መላክ። ከሷ በፊት ሙንሽን የምትባለው ተይዛለች፣ ሚያዝያ 29፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡ በሁለተኛው ቀን!

ለምን እነዚህን መርከቦች? በአውሮፓ አየሩ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ነገ ጀርመን ላይ የሚዘንበው ዛሬ አትላንቲክ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ጀርመኖች እዚያ ዓይን ያስፈልጋቸዋል፣ መርከብ ላኩ፣ በኋላም በ1943 እ.ኤ.አ. በሰርጓጅ መርከብ ዛሬ የካናዳ ክፍል እስከሆነው ላብራዶር ድረስ ሄደው በራሱ የሚሠራ ጣቢያ ተከሉ። እንግሊዞች ግን መርከቦቹን የፈለጉት ለዝናቡ ብለው አልነበረም። ብሌችሊ ፓርክ፣ የእንግሊዝ የምስጢር ጽሑፍ መፍቻ ማዕከል፣ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሃሪ ሂንስሊ ያስተዋለው ነገር አለ፦ ለወራት ባሕር ላይ የምትቆይ መርከብ የሚቀጥለውን ወር የኤኒግማ፣ ማለትም የጀርመኖች የምስጢር መጻፊያ ማሽን፣ ቁልፍም ይዛ መሄድ አለባት። የላውንቡርግ መርከበኞች ማሽኑን ባሕር ውስጥ ቢጥሉትም የቁልፉ ወረቀት ተገኘ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ አየሁ። የምትለካዋ እህት የዝናብ መለኪያውን አውጥታ ውሃውን ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው፣ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከውሃው ጋር አስተካከለች፣ አነበበች፣ በእርሳስ ጻፈች። «ወንድሜ፣ ከላይ ቆመህ ካነበብክ ትሳሳታለህ» አለችኝ። ቁጥሩ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያ ለዓለም።

የሰርጓጅ መርከቡን ታሪክ የነገርኳት ለዚህ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እሷ የምትጽፈውን ዓይነት ቁጥር፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ በአጭር የምስጢር መጽሐፍ ወደ ፊደል ቀይረው፣ ከዚያ በኤኒግማ ሰውረው ነበር የሚልኩት። የባሕር ዳርቻው ጣቢያ ያንኑ መረጃ ቀለል ባለ ሌላ ምስጢር መልሶ ያሰራጫል። እንግሊዞች ቀላሉን ፈትተውታል፣ ስለዚህ መጽሐፉ ካለ በከባዱ፣ በኤኒግማ፣ የተላከው ምን እንደሚል ቀድመው ያውቃሉ ማለት ነው፣ ቁልፉን ከዚያ ተነስተው ይፈልጉታል።

መጽሐፉ የታተመው ውሃ ሲነካው በሚሟሟ ቀለም ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1935 ሜዲትራንያን ላይ እየሰመጠ ካለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መጽሐፉን ያወጡት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች፣ አንቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር፣ ከመርከቡ ጋር አብረው ሰመጡ። መጽሐፎቹን የተቀበላቸው የካንቲን ሠራተኛ ቶሚ ብራውን ገና 16 ዓመቱ ነበር፣ እሱ ተረፈ። በወሩ ተኩል ገደማ ብሌችሊ ፓርክ ለወራት ጨለማ የሆነበትን የሰርጓጅ መርከቦች ምስጢር እንደገና ማንበብ ጀመረ።

ልጅቷ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «ለቁጥር?» አለች። አዎ፣ ለቁጥር።