ከመድረኩ ሥር አብራችሁኝ ለቆማችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን መልእክት ልጽፍ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ያለው የትኬት ክምር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጃኬትና ከሱሪ ኪስ እየለቀምኩ መሳቢያ ውስጥ ሳኖራቸው ከርሜያለሁ። የአንዳንዱ ጽሑፍ ለቋል፤ አንዱን ዝናብ አግኝቶት ተጨማድዷል። ዛሬ ጠዋት ቆጠርኳቸው፤ 31 ሆኑ። ሠላሳ አንድ ምሽት ሰው መሃል ቆሜ ሙዚቃ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ዘመን ሲለወጥ ሰው ያለውን ይቆጥራልና፣ እኔም ያለኝን ቆጠርኩ።

ከእነዚህ ምሽቶች የሚበዙት ስማቸው ሩቅ ያልደረሰ ባንዶች የተጫወቱባቸው ናቸው። ኢንዲ የምንላቸው፤ ከኋላቸው ትልቅ አሳታሚ የሌለ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅጂውንም ራሳቸው የሚሠሩ፣ የድራም ዕቃቸውን ራሳቸው ተሸክመው ገብተው ራሳቸው ፈትተው የሚወጡ። አንዳንዶቻችሁ «ዘፈኑ ስልክህ ላይ አለ አይደል? ምን አስኬደህ?» ትሉኛላችሁ። እስካሁን የሚያጠግብ መልስ ሰጥቻችሁ አላውቅም። በዓሉን አስታክኬ ዛሬ ልሞክር።

ከጥቂት ወራት በፊት ሰዓት ተሳስቼ ከሌላው ሰው በጣም ቀድሜ ደረስኩ። በር ላይ የነበረው ልጅ አዘነልኝና «ግባ፣ ጥግህን ይዘህ ተቀመጥ» አለኝ። ባንዱ ሳውንድ ቼክ ላይ ነበር፤ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ። አዳራሹ ባዶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልሙጥ። ድራም የምትመታው ልጅ አንድ ጊዜ ስትመታ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አልሞት ይላል። ዘፋኙ «የራሴ ድምፅ ዞሮ ይመጣብኛል፣ ቃሉ አይለይም» እያለ ተጨነቀ። የድምፅ ማስተካከያው ሰሌዳ፣ ሚክሰሩ ላይ የቆመው የድምፅ ባለሙያ አንድ ሁለት ነገር ነካካና «አታስቡ፤ ሰው ሲገባ ይስተካከላል» አላቸው።

ሊያጽናናቸው የተናገረ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን የፊዚክስ ነው። የሰው ገላና የለበሰው ልብስ ድምፅ ይውጣሉ፤ በተለይ መካከለኛውንና ቀጭኑን። ባዶ ሲሚንቶ ደግሞ የመጣበትን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ አንድ አዳራሽ ባዶውን ሲሆንና ሰው ሲሞላው ለጆሮ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ልምድ ያለው ባለሙያ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ማታ የሚመጣውን ሰው በልቡ አስገብቶ ነው የሚያስተካክለው። ያን ዕለት ማታ ስድሳ የምንሆን ሰዎች ገባን። ያው ድራም፣ ያችው እጅ፤ ምቱ ግን ደረቅና ቅርብ ሆነ፤ ደረቴ ላይ የተመታ ያህል። የዘፋኙ እያንዳንዱ ቃል ተለየ። ዙሪያዬን የቆሙትን አየኋቸው። አንዳቸውም ገና አላጨበጨቡም፣ አልዘፈኑም። ቆመው ብቻ ድምፁን አስተካክለውታል።

ስለ ጥቂት ታዳሚ ካነሳሁ የማንችስተሩን ምሽት ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስትልስ የተባለው የፐንክ ባንድ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል በሚባል አነስተኛ አዳራሽ ተጫወተ። የተገኘው ሰው 40 ገደማ ነበር። ፒተር ሁክ ከዚያ ወጥቶ በማግስቱ ቤዝ ጊታር ገዛ፤ አብሮት ከነበረው ከበርናርድ ሰምነር ጋር በኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ መሠረቱ። ማርክ ኢ. ስሚዝም እዚያ ነበር፤ እሱም ዘ ፎል የተባለውን ባንድ መሠረተ። ኮንሰርቱን ያዘጋጁት ባዝኮክስ የተባለው ባንድ ልጆች ደግሞ ከወራት በኋላ 500 ፓውንድ ተበድረው የመጀመሪያ ሸክላቸውን ማንም አሳታሚ ሳይለምኑ በራሳቸው አሳተሙ። ራስን ችሎ ማሳተም ለሌሎች ወጣት ባንዶችም የሚቻል ነገር መሆኑ የታየው ያኔ ነው። ዛሬ «እኔም ነበርኩ» የሚለው ሰው ያችን አዳራሽ ብዙ ጊዜ ሞልቶ ያፈሳታል።

እኔን የሚያባብሉኝ ግን ስማቸው ያልተጻፈው ናቸው። መጥተው፣ ቆመው፣ ሰምተው፣ ጠዋት ወደ ሥራቸው የሄዱት። እነሱ ባይመጡ ያ ክፍል ምን ዓይነት ድምፅ ይኖረው ነበር? ሁክ ያን ማታ የሰማውን ነገር ይሰማው ነበር?

አድማጭና ተጫዋች የሚለያዩበት መስመር ቀጭን መሆኑን ያሳየኝ ሌላው ታሪክ ለእኛ የቀረበ ነው። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱት ጌታቸው መኩሪያን ታውቋቸዋላችሁ። ዘ ኤክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረተ፣ ትልቅ አሳታሚ ሳይጠጋ በራሱ የኖረ የፐንክ ባንድ ነው። የባንዱ አባላት መጀመሪያ የጌታቸው አድማጮች ነበሩ። በ2004 የባንዳቸውን 25ኛ ዓመት አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋበዟቸው። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን አልበም ከእነሱ ጋር ለመሥራት የጠየቁት ራሳቸው ጌታቸው ናቸው። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሰው፣ ጊታሩን እንደ ብረት ከሚያንኳኩ ፈረንጆች ጋር! አልበሙ በ2006 ወጣ፤ አገር ላገር እየዞሩም አብረው ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌታቸው ሲያርፉ፣ ስለዚያ ባንድ የማያውቁ ወዳጆቼ ሳይቀሩ የላኩልኝ ቪዲዮ ከዘ ኤክስ ጋር የተጫወቱበትን ነበር። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ጊታሮቹ ሲጮሁ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ፎካሪ እንደሚቆመው ቆመው ይነፋሉ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ለሰሙት እቀናለሁ።

አሁን አንድ ጸጸት ልንገራችሁ። በዚህ ዓመት አንድ ምሽት «ዋናው ባንድ የሚወጣው ዘግይቶ ነው» ብዬ ቤቴ ቆየሁ። ስገባ መድረኩ ላይ አንዲት ጊታር ግድግዳ ተደግፋለች፤ ባለቤቷ ጨርሳ ወርዳለች። ቀድሞኝ የገባ ጓደኛዬ ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል። ብቻዋን ወጥታ አምስት ዘፈን ተጫውታ እንደነበር፣ የሰሟት ዘጠኝ ሰዎች እንደሆኑ፣ ከዘጠኙ ሁለቱ እንዳለቀሱ ነገረኝ። ስሟን በደንብ አልያዘውም። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ፤ አላገኘኋትም። ምናልባት የቀረጸችው ነገር የለም ይሆናል። «እንኳን አደረሳችሁ» በተባለልኝ ቁጥር ያ ምሽት ትዝ ይለኛል፤ ሳልደርስ የቀረሁበት። ስለዚህ ልለምናችሁ፦ የመክፈቻውን ተጫዋች ለማየት በጊዜ ግቡ። ባዶ ክፍል ፊት መዝፈን ከባድ ነው፤ ክፍሉ ራሱ በድምፅ ይጮህባቸዋል።

ከሠላሳ አንዱ ትኬት አንዱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ስድስት ዓመት የተከተልኩት ባለ አራት አባላት ባንድ የመጨረሻ ምሽት ነው። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። አልተጣሉም። ቤዝ የሚጫወተው ነርስ ነው፤ የሌሊት ፈረቃው በዛ። ድራመሩ ሁለተኛ ልጅ ተወለደለት። ልምምድ የሚገጣጠሙበት ቀን ጠፋ፤ ዘፋኟም በግማሽ ልብ መቀጠል አልፈለገችም። ያን ማታ ዘጠና ያህል ሰው መጣ። ብዙዎቻችንን አንዳችን ሌላችንን በመልክ እናውቃለን፤ ስም ግን አንጠያየቅም። ለዓመታት በጭንቅላት ሰላም የምንባባል ሰዎች ያን ማታ ተቃቀፍን።

መጨረሻ ላይ ዘፋኟ ማይኩን ትታ ከመድረክ ወረደች። ገመድ የሌላትን ጊታር ይዛ መሃላችን ቆመች። የሁሉ መጀመሪያ የሆነችውን ዘፈን ልትጀምር ስትል የባሩ ፍሪጅ ማጉረምረሙ ተሰማ። ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ስመላለስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቡና ቤቱን የሚይዘው ሰው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ሶኬቱን ነቀለው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ እንዴት ልንገራችሁ? ዘጠና ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ዝም አለች፣ እኛ ቀጠልን፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሲያልቅ ማንም «ይደገም» አላለም።

ዕቃ ሲያወጡ አገዝኳቸው። የጊታሩን አምፕሊፋየር እስከ መኪናው ተሸከምኩት። ስድስት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ነገር እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልበለው፣ በዓል ነውና።

ቀስ ያለ ዘፈን ሲመጣ ወሬ እናቁም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ላውራ ጊብሰን የተባለች ዘፋኝ አንድ ባር ውስጥ ስትጫወት ከሰዉ ጫጫታ የተነሳ አልተሰማችም። ሊሰሟት የመጡት ሁለት የሬዲዮ ሰዎች፣ ቦብ ቦይለንና ስቲቨን ቶምፕሰን፣ «ቢሯችን መጥተሽ ብትጫወቺ ይሻላል» አሏት፤ እሷም መጥታ ከቦይለን ጠረጴዛ ኋላ ሆና ተጫወተች። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ታይኒ ዴስክ» የተባለው የቢሮ ኮንሰርት እንዲህ ተጀመረ። መጨረሻው አምሯል፤ ያን ባር ውስጥ ያልተሰማችው ምሽት ግን ለእሷ አልተመለሰላትም።

ጆሯችሁን ጠብቁ። እኔ አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሦስት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ከርሟል፤ በሦስተኛው ሌሊት በፍርሃት አልተኛሁም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም መመሪያ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዲሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የሮክ ኮንሰርት 100 ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ነው። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው የጆሮ መድፈኛ ዜማውን አያበላሽም፣ መጠኑን ብቻ ይቀንሳል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ጥንድ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ጠይቁኝ።

ስትወጡ ደግሞ በሩ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ አትለፏት። ቲሸርቱና ሸክላው የሚሸጥባት። ለትንሽ ባንድ ከዚያች ጠረጴዛ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ወደ ሚቀጥለው ከተማ የሚያደርሳቸው የነዳጅ ወጪ ነው። አዳራሾች ሁሉ በተዘጉበት እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ላይ ባንድካምፕ የተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ የራሱን ድርሻ ትቶ ገቢውን ለሙዚቀኞች የለቀቀበትን የመጀመሪያ ዓርብ አስታውሳለሁ። ያን ቀን ቤታችን ተዘግተን ያን ያህል አልበም የገዛነው ያቺ ጠረጴዛ ስለናፈቀችን ይመስለኛል።

በዚህ ዓመት አብራችሁኝ ለቆማችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ኬብል ጠቅልላችሁ መጨረሻ ለምትወጡ የድምፅና የመብራት ሰዎች፣ እንኳን አደረሳችሁ። ልጅ ይዛችሁ፣ ታማችሁ፣ ፈረቃ ገጥሟችሁ መምጣት ላልቻላችሁ፣ «እስኪ ንገረን እንዴት ነበር?» እያላችሁ በማግስቱ ለምትደውሉልኝም እንዲሁ። እናንተ ባትጠይቁኝ ግማሹን ረስቼው ነበር። ላገኛት ላልቻልኩት ባለ ጊታርም፣ የትም ብትሆን፣ እንኳን አደረሰሽ። እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች አልረሱሽም፤ አንዱ ጓደኛዬ ነው፣ አሁንም ያወራልኛል።

የበዓሉ ሳምንት እንዳለፈ ሦስት ባንዶች የሚጫወቱበት ምሽት አለ። ሁለቱን ሰምቻቸው አላውቅም። መምጣት ለምትፈልጉ፣ ቦታዬ የታወቀ ነው፦ ከሚክሰሩ ጠረጴዛ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ባለሙያው የሚሰማውን የምሰማበት። በሩ ሲከፈት ገብቼ እጠብቃችኋለሁ።