ማርሹ ሲዘል ሽቦውን ብቻ አትክሰሱ

ማርሹ በራሱ ጊዜ የሚዘል ሳይክል ሠሪ ጋ ስትወስዱ፣ ገና ከእጃችሁ ሳይቀበል «ማርሹን የሚስበው ሽቦ ላልቶ ነው» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የእኔ ግን ሽቦ አልነበረም። ይህን ከመጀመሪያው የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ብርና ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ የምሠራው አዲሱ ገበያ አካባቢ። መሃል ላይ የእንጦጦ ጀርባ አለ፤ ጠዋትም ማታም ዳገት አለው፣ የማታው ይብሳል። እዚህ መንገድ ላይ የኋላው ትልቁ ጥርስ (ዳገት የሚያቀልለው ማርሽ) ካልሠራ ሳይክል የሚነዳ ሳይሆን የሚገፋ ዕቃ ነው። የእኔዋ ያገለገለች፣ ፍሬሟ ብረት፣ ከኋላ ባለ 7 ማርሽ ናት።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲብስ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኛት እሄዳለሁ። አንድ ቀን ረዳቱ ማርሹ ባለበት በቀኝ ጎኗ አጋድሟት፣ በላይዋ የሽንኩርት ጆንያ ከመረባት። ስትወርድ የተሰበረ ነገር አይታይም። (ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ትተኛ። ረዳቱ አልሰማ ካለ ራሳችሁ ወጥታችሁ አስተኟት፤ «ሰዓት ገደላችሁ» ብሎ ቢጮህ ይጩህ።) ከዚያ ወዲህ ግን አንዱ ጥርስ ላይ ሳደርጋት ወደ ሌላው ትዘላለች፣ ካቴናው ሲንቋቋ ደግሞ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮሃል።

«ጋሼ፣ ሽቦ ነው፤ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ያልቃል» አለኝ ሠሪው። ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ ወዲያና ወዲህ ሲያዞር አገኘሁት። አንደኛው ኤች፣ ሌላኛው ኤል የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት። የእነዚህ ብሎኖች ሥራ ማርሽ ማስተካከል አይደለም፣ ድንበር መጠበቅ ነው። ኤች ካቴናው ከትንሹ ጥርስ አልፎ ወደ ፍሬሙ እንዳይወድቅ፣ ኤል ደግሞ ከትልቁ ጥርስ አልፎ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ዘንጎች) ውስጥ እንዳይገባ ይይዛሉ። ልጁ የኤልን ድንበር ከፍቶ ሰጠኝ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ በባዶው ሲሽከረከር ሁሉም ማርሽ ይገባል። ከፈልኩ።

ማታ ዳገቱ መሃል ላይ ወደ ትልቁ ጥርስ ስቀይር ቀያሪው ከነካቴናው ራጂው ውስጥ ገባ። የኋላ ጎማው ድርቅ አለ። ከኋላዬ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ይመጣ ነበር፤ ሾፌሩ በጊዜ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ስለ ማርሽ አልጽፍም። ራጂ ተሰብሯል፣ ካቴናው በጥርሱና በራጂው መሃል ተሰንቅሯል። በጨለማ እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ።

ሠሪው ዘንድ ስመለስ «ይቅርታ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ራጂውን ቀየረና ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ካቴናው አርጅቷል ጋሼ፣ የሚያዘልለው እሱ ነው» አለኝ። አዲስ ካቴና ሸጠልኝ፤ አሮጌውን ቁርጥራጭ ብረት ክምሩ ላይ ወረወረው። እልህ ይዞኝ አንስቼ በፌስታል ጠቀለልኩት። በአዲሱ ካቴናም መዝለሉ አልቀረም። እንደገና ስሄድ ቀያሪውን በእጁ ጨብጦ ወደ ውጭ ሳበና «አሁን ቀንቷል» አለኝ። በምን ለክቶ እንዳወቀ እሱ ይወቅ።

አሮጌውን ካቴና በላምባ አጥቤ ለካሁት። ይህን ማንም ሰው በተማሪ ማስመሪያ ሊያደርገው ይችላል፦ ከአንዱ ፒን (የካቴናው መገጣጠሚያ) መሃል ተነስታችሁ፣ የተነሳችሁበትን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 20ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርዝመት 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ ካቴናው ይቀየር። ሁለት ሚሊ ተኩል ከደረሰ ግን የኋላ ጥርሶቹንም በልቷቸዋልና አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥሙ ዳገት ላይ ይዘላል። የእኔ አሮጌ ካቴና አንድ ሚሊ እንኳ አልጨመረም። በደህና ካቴና ላይ ካቴና ነው የተሸጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ከሳይክሏ ኋላ ቁጢጥ ብዬ ያየሁት። ማርሽ ቀያሪው ሁለት ትናንሽ ባለ ጥርስ መዘውሮች አሉት፤ ከኋላ ስታዩዋቸው ከጥርሶቹ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። የእኔ የታችኛው ወደ ራጂው አዘንብሏል። የታጠፈው ቀያሪው ራሱ ሳይሆን እሱ የሚንጠለጠልባት የፍሬሙ ጆሮ ናት። ጆሮዋ ከታጠፈች ሽቦውን ብታጠብቁት አንዱ ማርሽ ይስተካከልና ሌላው ይበላሻል፤ ቀኑን ሙሉ ብሎን ስታዞሩ ትውላላችሁ።

ከሳይክሏ ጋር የተሰጠኝ መመሪያ ወረቀት «ከታጠፈ ይቀየር፣ ፈቃድ ወዳለው ባለሙያ ይወሰድ» ይላል። የእኔ የብረት ፍሬም ላይ ጆሮዋ ከፍሬሙ ጋር አንድ ናት፣ ምኗ ይቀየራል? ባለሙያ የተባለውን ደግሞ አይቼዋለሁ። ማቃኛ መሣሪያው አለ፣ እዚህ አገር ግን ለሳይክል ሠሪ እንኳ ብርቅ ነው። ምትኩ ሌላ የኋላ ጎማ ነው። የቀያሪው ማሰሪያ ብሎን ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ የፊሌቶው (የብሎኑ ጠመዝማዛ ጭረት) ርቀት 1 ሚሊ ነው፤ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚፈታ የኋላ ጎማ ላይ ያለው መሃሉ ክፍት ፔርኖም (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) እንደዚያው ነው። ስለዚህ የዚያ ጎማ ፔርኖ ጆሮዋ ላይ ይገባል።

ቀያሪውን በ5 ሚሊ የስድስት ማዕዘን ቁልፍ ፈትቼ፣ ይዤው ምናለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ ስትገዙ የሻጩን ቃል አትመኑ፤ ብሎኑንና ፔርኖውን ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ፊሌቶዎቹ ተቃቅፈው ብርሃን ካላሳለፉ አንድ ናቸው። ጠጣር ፔርኖ ያላቸው ርካሽ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ሌላ ፊሌቶ ናቸው፣ አስገድዳችሁ ካስገባችሁ ጆሮዋን ትጨርሷታላችሁ።

ቤት ውስጥ ሥራው ቀላል ነው። መጀመሪያ የራሷ ጎማ ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ መታሰሩን ማረጋገጥ። ከዚያ ሁለተኛውን ጎማ ከውጭ በኩል ጆሮዋ ላይ በእጅ ማዞር። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በቸርኬዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ እኩል መሆን አለበት። የእኔ ከታች በኩል በግልጽ ጠብቧል። ጎማውን ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ውጭ ሳብኩት፣ ለካሁ፣ ደግሞ ሳብኩ። ጎማው ረጅም ማንሻ ስለሆነ ጉልበት አይፈልግም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሬማችሁ አሉሚኒየም ከሆነ ጆሮዋ አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የምትፈታ ናት፤ አሮጌዋን ይዛችሁ ሄዳችሁ አምሳያዋን ግዙ፤ ቅርጿ ከሳይክል ሳይክል ይለያያልና በዓይን ግምት አይሆንም።

የቀረው የአፍታ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ጎማ ፈትቶ ቀያሪውን ጆሮዋ ላይ መልሶ ማሰር። ሽቦው ላልቶ ካቴናው ትንሹ ጥርስ ላይ ሳለ የላይኛው መዘውር ልክ ከሥሩ እስኪሆን ኤችን ማዞር፤ ሽቦውን በፒንሳ ወጥሮ ማሰር፤ ቀያሪውን በእጅ ወደ ትልቁ ጥርስ ገፍቶ ራጂ እንዳይነካ ኤልን መዝጋት። ወደ ትልቅ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ ሽቦው የሚገባበትን ክብ ማስተካከያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ በሩብ በሩብ ዙር፣ ለመውረድ ከዘገየ በሰዓቱ አቅጣጫ። አልቋል። እንጦጦን በትልቁ ጥርስ ሳትንቋቋ ወጣች። ደስታዬን የሰማ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ሰልችቶታል።

ስለ ቅባት አንድ ነገር ልበል፦ ካቴና ላይ ግራሶም ሆነ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታስቀቡ። የሱሉልታ አቧራ ላዩ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይሞርደዋል። በላምባ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ፒኖቹ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ የስፌት መኪና ዘይት ማጠጣት፣ ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ጥርግ። ቶሎ ይደርቃል የሚል ይኖራል፤ ይድረቅ፣ ዳግመኛ ማጠጣት ነው።

አሮጌውን ካቴና መልሼ ገጥሜዋለሁ። የተሸጠልኝ አዲሱ፣ አሮጌው አንድ ሚሊውን እስኪያልፍ ድረስ ሳጥን ውስጥ ይቆያል።