ዓሣ የሌለው የዓሣ ሳጥን

አኳሪየሙ ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ 41ኛ ቀኑ ነው። 60 ሊትር ይይዛል። ጠጠር አለው፣ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) አለው፣ ሂተር (ማሞቂያ) አለው፣ ሦስት ቀጫጭን ተክሎችም አሉት። ዓሣ ግን የለውም። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያይና "ተደብቀው ነው?" ይለኛል። የእህቴ ልጅማ ተስፋ ቆርጣ ለአንዱ ጠጠር ስም አውጥታለታለች።

የምጠብቀው ባክቴሪያ ነው። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ይሄም ሌላ መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ያደርጋል። ሌላ ባክቴሪያ ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ካልበዛ ችግር የለውም። ተክሎቹ ይጠቀሙበታል፣ የቀረው ደግሞ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ዘገምተኞች ናቸው። እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል።

ስለዚህ ዓሣ ከማሰቃየት ብዬ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ንጹህ አሞኒያ በጠብታ ጨመርኩ፤ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን። በየማታው እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በ9ኛው ቀን የናይትራይት መለኪያው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተቀየረ፤ ናይትራይት አለ ማለት ነው። በ16ኛው ቀን የጨመርኩት አሞኒያ በማግስቱ ዜሮ ገባ። ደስታዬ ለብቻው ነበር።

በ18ኛው ቀን መስታወቱ ቡናማ ለበሰ። ጠጠሩም፣ ቅጠሎቹም። ዝገት የተነፋበት ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያናድደኝ አደረና ጠዋት ሁሉንም ነገር አውጥቼ ፈተግኩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ሳይቀር ቧንቧ ሥር ጨምቄ ጨምቄ አጠብኩት። ነጭ እስኪሆን!

በማግስቱ አሞኒያው አልወርድ አለ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

ለካስ ባክቴሪያዎቹ ውሃው ውስጥ እየዋኙ አይደለም የሚኖሩት። ተጣብቀው ነው፤ ከሁሉም በላይ ስፖንጁ ላይ። ግማሹን አጥቤ ደፋኋቸው፣ የቀሩትን የቧንቧው ክሎሪን ጨረሳቸው። የሁለት ሳምንት ልፋት በአንድ ጠዋት ገደል ገባ። አሁን ስፖንጁ ሲደፈን ብቻ፣ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከር ነከር አድርጌ እመልሰዋለሁ። መቆሸሹ አያስጨንቀኝም።

ያ ቡናማ ነገር ደግሞ ዲያቶም ይባላል፤ በጣም ደቃቅ የአልጌ (የውሃ ሽበት) ዓይነት ነው። ቅርፊቱን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ከሚሟሟ ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን) ነው፤ አዲስ አኳሪየም ላይ መምጣቱ የተለመደ ነው። በጣት ይጠረጋል። ብዙ ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የእኔም ኋላ ራሱ ጠፋ፤ ዳግም ሳልፈትገው።

አረንጓዴው አልጌ ግን የእኔው ጥፋት ነው። መብራቱን በቀን 10 ሰዓት አበራው ነበር፣ በዚያ ላይ የመስኮት ፀሐይ አለ። ታይመር ገጥሜ ወደ 6 ሰዓት አወረድኩት፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ቶሎ የሚያድግ ተክል ጨመርኩ። አልጌው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን መስፋፋቱን አቁሟል። የአልጌ ማጥፊያ መድኃኒት አልወድም። የሞተው አልጌ እዚያው በስብሶ መልሶ አሞኒያ ይሆናላ! "አልጌ የሚበላ ዓሣ ግዛ" ያሉኝም አሉ። አሞኒያው ሳይስተካከል? ዓሣውን ለመርዝ መላክ ነው።

ትናንት ማታ እንደገና 2 ሚሊግራም ጨመርኩ። ዛሬ ማታ ስለካ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። የናይትሬቱ መለኪያ ደም መስሎ ቀላ፤ ናይትሬት በዝቷል ማለት ነው። (የናይትሬት መለኪያውን ሁለተኛ ጠርሙስ በደንብ ካልናጣችሁት አሳንሶ ያሳያል፤ እኔን አንድ ሳምንት አሞኝቶኛል።) ነገ ግማሽ የሚበልጠውን ውሃ ክሎሪኑን ባጠፋሁለት ውሃ እቀይራለሁ። ከዚያ ስድስት ትንንሽ ዓሣ።

ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ጠጠሩ ስሙን እንዳይነጠቅ አስጠንቅቃኛለች።